የሞተር ሳይክል ጎማ ሲተነፍስ፤ ከቀዳዳው ይልቅ ጥገናው ያሰጋል

በአገራችን ሞተር ሳይክል ከቅንጦት ዕቃነት ይልቅ የሥራ መሣሪያ ነው፡፡ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዞ ወደ ጤና ኬላ የሚወርደው የወረዳ ጤና ባለሙያ፣ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የግብርና ባለሙያ፣ የፕሮጀክት አስተባባሪው፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ምሳና ሰነድ የሚያመላልሰው መልዕክተኛ፣ የሁሉም የዕለት ሥራ የቆመው በሁለት ጎማ ላይ ነው፡፡ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ልዩ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ከገደበች በኋላም ፈቃድ ያገኙት በየጎዳናው ሲከንፉ እናያለን፡፡ በክልል ከተሞችና በገጠር ወረዳዎች ደግሞ ያለ ሞተር ሥራቸው የማይታሰብ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፡፡ ይሁንና ስለ ሞተር አደጋ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሄልሜትና ስለ ፍጥነት ይሆንና፣ ሞተሩን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት መዳፍ የሚያህሉ ሁለት የጎማ ቁራጮች ይረሳሉ፡፡

ሞተር የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ጎማው መተንፈሱ አይቀርም፡፡ ብዙዎች የሚፈሩት ያንን ቅጽበት ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ከቀዳዳው ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ከዚያ በኋላ በጥድፊያ የሚሠራው ሥራ ነው፡፡ መኪና ጎማው ቢጠገንም ባይጠገንም በሦስቱ ይቆማል፡፡ ሞተር ግን ጎማው ሲወልቅ ፍሬኑም፣ ሰንሰለቱም፣ ሚዛኑም አብሮ ይፈታል፡፡ መንገድ ዳር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፈትቶ የሚገጥመው ሰው አንዲት ዳዶ ቢረሳ ዋጋውን የሚከፍለው ነጂው ነው፡፡

በመጀመሪያ ስለ ቅጽበቱ እናንሳ፡፡ የፊት ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይከብዳል፣ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፡፡ የኋላው ሲተነፍስ ሞተሩ ወገቡ እንደላላ ሁሉ ከኋላ ይወዛወዛል፡፡ ማንኛውም ሰው በዚህ ጊዜ ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ፍሬን መጨበጥ ነው፤ የሚጥለውም ይኸው ነው፡፡ ምክንያቱ እንዲህ ነው፡- ጎማው በቸርኬው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጠው በሙጫ ወይም በብሎን ሳይሆን በውስጡ ባለው አየር ግፊት ነው፡፡ አየሩ ሲወጣ ጎማውን የሚይዘው ነገር የለም፡፡ በተነፈሰው ጎማ ላይ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ቆሞ ጎማው በላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ወደ ጎንም ሊወጣ ይችላል፡፡ ስለዚህ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀው ይያዙ፤ ነዳጁን ቀስ እያሉ ይቀንሱ፤ ሞተሩ በራሱ ጊዜ እንዲዘገይ ይተዉት፡፡ ፍሬን የግድ ካስፈለገ ደህና በሆነው ጎማ በኩል በለዘብታ ይያዙ፤ የተነፈሰው የፊቱ ከሆነ የኋላውን፣ የኋላው ከሆነ የፊቱን ማለት ነው፡፡ ፍጥነቱ እስኪወርድ ድረስ ቀጥ ብሎ መሄድ እንጂ ወዲያው ወደ መንገድ ዳር መጠምዘዝ አያስፈልግም፡፡ ከቆሙ በኋላ ግን ከአስፋልቱ ፈጽሞ ይውጡ፤ በተለይ ምሽት ላይ መብራት ሳያበሩ ጎማ ሥር ማጎንበስ ከመተንፈሱ የባሰ አደጋ ነው፡፡

ቀጥሎ የሚደረገው ሁሉ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ መልስ ነው፡፡ ጎማው የውስጥ ጎማ አለው ወይስ የለውም? ይህንን ማወቅ ያለብን ጎማው ከመተንፈሱ በፊት ቢሆንም፣ ለዓመታት የነዳውን ሞተር ተጠይቆ መመለስ የሚያቅተው ሰው ጥቂት አይደለም፡፡ ከመነዳሪ የምንለው የውስጥ ጎማ (ቃሉ ጎሚስታን፣ ቸርኬንና ሌላውን የጋራዥ ቋንቋችንን ከሰጠን ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “የአየር ክፍል” ማለት ነው) እንደ ፊኛ የተወጠረ ስስ ላስቲክ ነው፡፡ ሚስማር ሲበሳው አየሩ በቀዳዳው ወጥቶ በቸርኬው ሽቦዎችና በቫልቩ ቀዳዳዎች በኩል በፍጥነት ይበተናል፡፡ ስለዚህ ከመነዳሪ ያለው ጎማ ጊዜ አይሰጥም፡፡ ቲዩብለስ የሚባለው፣ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ግን ወፍራሙ ላስቲክ የገባውን ሚስማር ዙሪያውን ጨምቆ ስለሚይዘው አየሩን የሚለቀው በቀስታ ነው፤ አንዳንዱ ሚስማር ይዞ ቀናት ይሄዳል፡፡

ልዩነቱን ከጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ማንበብ ይቻላል፡፡ ቸርኬው ባለ ሽቦ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከመነዳሪ አለው፡፡ ቸርኬው ድፍን ቅይጥ ብረት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቲዩብለስ ነው፤ ሆኖም ድፍን ቸርኬ ኖሯቸው ከመነዳሪ የገባባቸው ትንንሽ ሞተሮች ስላሉ በመልክ ብቻ መፍረድ አይገባም፡፡ ቲዩብለስ የሚል ጎማ በባለ ሽቦ ቸርኬ ላይ ከከመነዳሪ ጋር ተገጥሞ መገኘቱም የተለመደ ነው፡፡ የሚያጠራጥር ከሆነ ጎሚስታውን በሰላሙ ጊዜ መጠየቅ ነው፡፡

በቲዩብለስ ጎማ ላይ ሚስማሩን ካዩ አይንቀሉት፡፡ ጎሚስታ ቅርብ ከሆነና ጎማው አየር እንደያዘ ከሆነ ቀስ ብሎ መድረስ ይቻላል፤ ሚስማሩ ለጊዜው ውታፍ ነውና፡፡ ከመነዳሪ ባለው ግን ሚስማሩ መኖሩም አለመኖሩም የሚለውጠው ነገር የለም፡፡ ይልቁንም በተነፈሰ ጎማ መንዳት ከመነዳሪውን በቸርኬውና በጎማው መካከል እያሸ ይቆራርጠዋል፤ በአንድ ልጣፊ ይድን የነበረው ጥቂት መቶ ሜትሮች ከተሄደበት በኋላ የሚጣል ይሆናል፡፡ የጎማው ጎንም ከውስጥ ይሰበራል፡፡ ከቻሉ ይግፉት፣ ካልቻሉ በፒክአፕ ይጫኑት፡፡ ምንም አማራጭ በሌለበት ገጠር ጎማው ውስጥ ሣር ወይም ጭድ ጠቅጥቀው በሰው እርምጃ የሚሄዱ አሉ፤ ይህ ከጅብ ለማምለጥ ካልሆነ በቀር የሚመከር አይደለም፡፡

ወደ ጎሚስታው እንምጣ፡፡ በየከተማው መግቢያ ኮምፕሬሰሩን፣ አሮጌ ጎማውንና በውኃ የተሞላ ገበቴውን ይዞ የሚቀመጠው ይህ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፡፡ የሚሳሳተው ሲጣደፍ ነው፤ የሚያጣድፈው ደግሞ ደንበኛው ነው፡፡ ስለዚህ ምን እንደሚሠራ አውቆ አጠገቡ መቆም ተገቢ ነው፡፡

ከመነዳሪው ወጥቶ ተነፍቶ ውኃ ውስጥ ሲነከር አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል፡፡ ቀዳዳው በአሸዋ ወረቀት ይፋቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ልጣፊው ይጫናል፡፡ እዚህ ላይ የብዙ ጥገና ዕድሜ የሚያጥርባት ነገር አለች፡፡ ማስቲሹ እንደተቀባ ወዲያው መለጠፍ የለበትም፡፡ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተኖ ሲነኩት እጅ ላይ የማይቀር እስኪሆን፣ ለጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ አለበት፡፡ እርጥብ እያለ የተለጠፈ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ጎማው ሲሞቅ ይላቀቃል፡፡ ከአንዱ ልጣፊ ላይ ሌላ መደረብ፣ የቫልቩን ሥር መለጠፍ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ለማዳን መሞከር ከንቱ ልፋት ነው፤ አዲስ ከመነዳሪ ይግዙ፡፡

የጎማ ጥገና ከጥንትም ትዕግሥት ፈታኝ ነበር፡፡ ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ሆኖ በ1888 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣለት በአየር የሚሞላ ጎማ ከቸርኬው ጋር በሙጫ የሚጣበቅ ስለነበር አንዱን ቀዳዳ ለመድፈን ሰዓታት ይፈጅ ነበር፡፡ የፈረንሳዮቹ የሚሼሊን ወንድማማቾች ዝና የተነሳውም በ1891 እ.ኤ.አ. በቀላሉ የሚወልቅ የብስክሌት ጎማ ይዘው በመቅረባቸው ነው፡፡ ዛሬ ያ ሁሉ ሰዓት ወደ ደቂቃዎች ወርዷል፤ ደቂቃዎቹን ግን መስረቅ አይገባም፡፡

ከመነዳሪው ሲለጠፍ ዋናው ጥያቄ “ምን በሳው?” የሚለው ነው፡፡ ሚስማሩ ተገኝቶ ከሆነ መልካም፡፡ ካልተገኘ ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ፣ ከዚያም በጥንቃቄ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፡፡ የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ተደብቆ ይቀርና አዲሱን ከመነዳሪ በዚያው ዕለት ይበሳዋል፤ ጎሚስታውም ያለ ኃጢአቱ ይሰደባል፡፡ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ራሱ ይናገራል፡፡ በውጪው ወገን ያለ አንድ ቀዳዳ ከመንገዱ የመጣ ነው፡፡ ጎን ለጎን የሆኑ፣ ጥርስ የነከሰው የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች ከሆኑ ሚስማር መፈለግ አያስፈልግም፤ ጎማው አየር አንሶት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከመነዳሪው በቸርኬውና በጎማው መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው፡፡ ቀዳዳው በውስጠኛው፣ በቸርኬው ወገን ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ተበልቷል፡፡ እነዚህን ሁለቱን ልጣፊ አያድናቸውም፤ ምክንያቱ ካልተወገደ ነገም ይበሳል፡፡

ሲገጠም ከመነዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት አየር ይሰጠዋል፤ ባዶውን የገባ ከመነዳሪ በማውለቂያው ብረት ይቆነጠጣል፡፡ አዲስ ከመነዳሪ ገና ከመነሳቱ የሚተነፍሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፡፡ የጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለ መከበር አለበት፡፡ ቫልቩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ካዘነበለ ከመነዳሪው ተጎትቷል፣ ሲቆይም ሥሩ ይቀደዳል፡፡

አሁን ወደ ፍርሃታችን ምክንያት ደርሰናል፡፡ ጎማው ወደ ቦታው ሲመለስ የሚረሱት ነገሮች ትንንሽ ናቸው፡፡ በብዙዎቹ የሥራ ሞተሮች ላይ ያለው የኋላ ታምቡር ፍሬን ክዳኑን ከሹካው ጋር የሚያያይዝ አንድ ዘንግ አለው፡፡ ጎማው ሲወልቅ ይህ ዘንግ ይፈታል፤ ሳይታሰር ቢቀር ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም፡፡ ፍሬን በተረገጠባት ቅጽበት ግን የሚይዘው ያጣው ክዳን ከጎማው ጋር አብሮ ሊዞር ይሞክራል፤ የፍሬኑን መሳቢያ ጠምዝዞ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል፡፡ የፊት ታምቡር ፍሬን ላይ ደግሞ ክዳኑ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ የሹካውን እብጠት መጉረስ አለበት፤ ካልጎረሰ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፡፡ ይህንን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል፡፡

ፔርኖው ላይ ያለችው ዳዶ መጥበቋን፣ ኮፒሊያ ካላትም ኮፒሊያዋ መመለሷን ይመልከቱ፡፡ ኮፒሊያ እንደ ቆሻሻ ሽቦ ተቆጥራ የምትጣል ነገር አይደለችም፡፡ ሰንሰለቱ ከታች በጣት ሲገፋ ለብዙዎቹ ትንንሽ የአስፋልት ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይለቃል፣ ለኮረኮንች የተሠሩት ደግሞ ጥቂት ይበልጣሉ፡፡ በግራና በቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል ካልሆኑ ጎማው ተጣሟል፡፡ ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ ጎማው በወለቀበት ጊዜ ማንም እንዳይጨብጠው፤ ሸራዎቹ ይገጥሙና ዲስኩ አልገባ ይላል፡፡ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ከመነሳት በፊት እስኪጠነክር ደጋግሞ መጨበጥ የግድ ነው፤ የመጀመሪያው ጭበጣ ባዶ ሊሆን ይችላልና፡፡ ከዚያ መቶ ሜትር በቀስታ ነድቶ፣ ፍሬን ሞክሮ፣ ወርዶ ዳዶዋን ዳግመኛ ማየት ነው፡፡ ጎሚስታው ቢስቅ ይሳቅ፡፡

ለቲዩብለስ ጎማ ጎሚስታዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በሙጫ የተነከረ ወፍራም ክር በቀዳዳው መወተፍ ነው፡፡ ጎማው ሳይወልቅ ስለሚሠራ ከላይ የዘረዘርናቸው ስህተቶች አይደርሱበትም፤ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፡፡ ነገር ግን ይህ የሚሠራው መሬት በሚነካው ፊቱ ላይ ላለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ቀዳዳ ነው፡፡ ጎኑ የተበሳ ጎማ አይወተፍም፤ ጎኑ ዘወትር የሚተጣጠፍ በመሆኑ ክሩ አይቀመጥበትም፡፡ ውታፉን እንደ ጊዜያዊ መድኃኒት ቆጥሮ ፍጥነትን መቀነስ፣ ቆይቶም ጎማውን አስወልቆ ከውስጥ ማስለጠፍ ይመረጣል፡፡ ጎማው ተነፍሶ ተነድቶ ከነበረ ደግሞ ውስጡ ሳይታይ የሚደረግ ውታፍ ዕውር ሥራ ነው፡፡ ፈሳሽ መድፈኛ የሚጨምሩም አሉ፤ ለጥቃቅን ቀዳዳ ይረዳል፣ ከመነዳሪ ውስጥ ግን እምብዛም ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ልጣፊ አላጣብቅ ይላል፡፡

በከተማ እየታዩ ያሉት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ለጎሚስታው አዲስ ፈተና ናቸው፡፡ በብዙዎቹ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር የተቀበረው በኋላው ቸርኬ መሐል ነው፤ ከፔርኖው የሚወጣ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ አለው፡፡ ገመዱ ሳይነቀል ጎማው ከተጎተተ ጥፋቱ ከጎማ ዋጋ በብዙ ይበልጣል፡፡ ባለቤቱ ኃይሉን ማጥፋቱንና ገመዱ የት እንደሚነቀል ማወቁን ሳያረጋግጥ ማንንም ባያስነካ ይሻላል፡፡

ጎሚስታ በሌለበት ለሚሠሩት ነገሩ ሌላ ነው፡፡ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት አለበት፤ ጎማው ተነፍሶ የቆመ ሞተር ላይ የታሰረ የክትባት ሳጥን በእያንዳንዷ ሰዓት ቅዝቃዜው እየተሟጠጠ ነው፡፡ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ሞተር መድቦ ትርፍ ከመነዳሪና የእጅ መንፊያ የማይመድብ መሥሪያ ቤት ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው፡፡ ከመነዳሪ፣ የፔርኖውን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ፣ ሁለት ወይም ሦስት የማውለቂያ ብረት፣ መንፊያ፣ ልጣፊና ማስቲሽ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይገባሉ፡፡ ማስቲሹ አንዴ ከተከፈተ በወራት ውስጥ ይደርቃልና ማደስ ያስፈልጋል፡፡ የፊትና የኋላ ቸርኬው ለሚለያይባቸው የገጠር ሞተሮች ነባር ነጂዎች አንድ ዘዴ አላቸው፤ የትልቁን፣ የፊተኛውን ከመነዳሪ ብቻ ይይዛሉ፡፡ ትልቁ በችግር ጊዜ ታጥፎ ለኋላው ይሆናል፤ ትንሹ ግን ለፊቱ አይበቃም፡፡ ቤት ሲደረስ በልኩ መለወጥ አለበት፡፡ ሌላው ምክር ቢኖር ቦርሳውን ይዞ መንገድ ከመውጣት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንድ ጊዜ ጎማውን ፈትቶ መግጠም ነው፡፡

ስለ አየሩ መጠንም ጥቂት እንበል፡፡ ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከፊት 25 ፒኤስአይ ገደማ፣ ከኋላ ከ28 እስከ 32 ይሆናል፤ ሰው ወይም ጭነት ሲጨመር የኋላው ከፍ ይላል፡፡ ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መጽሐፍ ውስጥ ወይም በሰንሰለቱ መሸፈኛ አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፡፡ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ሙቀቱን ፈርቶ አየር ያስቀንሳል፤ አያስፈልገውም፡፡ ሙቀቱ ግፊቱን ከፍ ቢያደርገውም፣ በቆላው የውጪው አየር ክብደት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ የሚታየውን መልሶ ያወርደዋል፤ ሁለቱ በአብዛኛው ይቻቻላሉ፡፡ በክረምት ደግሞ ጠርሙስ ስባሪና ሚስማር ጎማን በቀላሉ ይቆርጣል፤ ውኃው ለስለቱ እንደ ቅባት ያገለግለዋልና፡፡ ፊቱ ያለቀ ጎማ በዚህ ወቅት ደጋግሞ ቢበሳ ጥፋቱ የመንገዱ ብቻ አይደለም፡፡

ጎማውን ለመለወጥ ሲወስኑ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል፡፡ 90/90-18 ቢል ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው፤ ቀጥሎ 51 ቢኖር ጎማው የሚሸከመው እስከ 195 ኪሎ ግራም ነው፡፡ የተመረተበት ጊዜ በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ 2322 ማለት በ2022 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፡፡ መደብር ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ “አዲስ” ጎማ ፊቱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቆ ሊሰነጣጠቅ ስለሚችል ከዋጋው በፊት ይህችን ቁጥር ይዩ፡፡

የተጠገነውን ጎማ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ይለኩት፡፡ ትናንት 30 የነበረው ዛሬም 30 ከሆነ ልጣፊው ይዟል፡፡ ወደ 24 ከወረደ በቫልቩ አፍ ላይ ምራቅ ወይም የሳሙና አረፋ ያድርጉበት፤ ካረፋ ጥፋቱ የልጣፊው ሳይሆን የቫልቩ ነው፣ ውስጡን ማጥበቅ ወይም መለወጥ ይበቃል፡፡ ካላረፋ ወደ ጎሚስታው ይመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን አያጣድፉት፡፡